ደረቁ ወንዝ የሞላ ቀን

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ልጄ ሊያ ስልኳን ይዛ ኩሽና ገባች። ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ ያለው ቤታችን የኩሽናው መስኮት ወደ ምዕራብ ስለሚያይ፣ ጥርት ባለ ቀን ተራሮቹ ወለል ብለው ይታያሉ። እኔም ቅዳሜ ሥራ ስለማልገባ እዚያው ቁጭ ብዬ እንቁላል በቃሪያ እየበላሁ ነበር። ሊያ ሃያ አምስት ዓመቷ ነው፤ ሆስፒታል ትሠራለች። ከሦስት ጓደኞቿ ጋር ለአምስት ቀን ዩታ በረሃ ልትሄድ ተነሥታለች።

«አባዬ፣ ሉክ! ዌዘሩ ፐርፌክት ነው፤» አለችና ስልኩን አስጠጋችልኝ።

አየሁት። አምስት ቀን፣ አምስት ፀሐይ። ማክሰኞና ረቡዕ ላይ ግን ከፀሐይዋ ጎን ትንሽ ደመናና ክር የምታህል መብረቅ ተሥላለች። መነጽሬን አድርጌ ከሥር ያለውን ጽሑፍ አነበብኩ። ሰሞኑን ሙቀቱ እንደሚበረታ፣ ከቀትር በኋላ እዚህም እዚያም ነጎድጓዳማ ዝናብ እንደሚጥል፣ በደረቅ ወንዞች ላይ ድንገተኛ ጎርፍ ሊነሣ እንደሚችል ይናገራል። የከተማዋን ስም ሳይ ሹካዬን አስቀመጥኩ።

«ምነው?» አለች።

«እዚች ከተማ እኮ አንድ ጊዜ የሰው ሙሽራ ይዤ ሄጃለሁ።»

«ዋት?» ብላ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ያን ሁሉ ዓመት አብረን ስንኖር ይህን ታሪክ አልነገርኳትም ማለት ነው። ነገርኳት።

ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ዴንቨር ከገባሁም ዓመት አልሞላኝም። ዳውንታውን ባለ አንድ ፓርኪንግ ጋራዥ መውጫ ላይ፣ ሰው ቆሞ እጁን ቢዘረጋ ግድግዳ በሚነካባት ጠባብ የመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ቲኬት እቀበላለሁ። ከእኔ በፊት የነበረው ሰውዬ ትንሽ ሬዲዮ ትቶ ሄዶ ነበር። ዘፈን የለው፣ ዜና የለው፤ ሌት ተቀን የአየር ሁኔታ ብቻ የሚያነብ ሬዲዮ ነው። መጀመሪያ የተበላሸ መስሎኝ ልጥለው ነበር። በኋላ ግን ሳስበው ለእንግሊዝኛ ተማሪ ከዚህ የተሻለ መምህር አይገኝም። አይቆጣም፣ አይሰለችም፣ ያልገባህን ቃል ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መልሶ ያነብልሃል። ደብተር ገዝቼ እየሰማሁ መጻፍ ጀመርኩ።

ውጤቱ ትንሽ ያስቃል። ባንክ ቤት ሄጄ የምፈልገውን በቅጡ ማስረዳት ሳልችል፣ ስለ በረዶ ጠጠር መጠንና ስለ ንፋስ አቅጣጫ ግን እንደ ልቤ አወራለሁ። የዴንቨርን በጋ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጠዋት ሰማዩ መስታወት ይመስላል፣ ከቀትር በኋላ ከተራራው ደመና ይንከባለልና እንቁላል የሚያህል በረዶ ያወርዳል። ጋራዡ ጣሪያ ላይ መኪናቸውን የሚያቆሙ ደንበኞችን «ዛሬ ወደ ታች አውርዱት» እላቸዋለሁ። የሰሙኝ በኋላ ያመሰግኑኛል፤ ያልሰሙኝ ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ይሰሙኛል። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው የማያውቀውን ነገር ያወቅሁ መስሎ ተሰማኝ።

የማወራላችሁ ሙሽራ ንግሥት ትባላለች። ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና አጠገብ እኔ የምኖርበት አፓርትመንት ውስጥ፣ አንድ ፎቅ ከበላዬ፣ ከአጎቷ ከጋሽ ኃይሉ ጋር ትኖር ነበር። ወላጆቿ በልጅነቷ ስላረፉ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ጋሽ ኃይሉ አገር ቤት ሳሉ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ። ዴንቨር መጥተው የቢሮ ሕንፃ ቢያጸዱም ዳይሬክተርነቱ ከላያቸው አልወረደም፤ ሲመጡ ተነሥተን እንቆማለን፣ ሲናገሩ ጸጥ እንላለን። እኔን እንደ ልጃቸው ነበር የያዙኝ። በመጣሁ ሰሞን በስስ ሹራብ በረዶ ላይ ስሄድ አይተው፣ ምንም ሳይሉ ሱቅ ወስደው ወፍራም ጃኬት ያለበሱኝ እሳቸው ናቸው። እንዲህ ላለ ሰው ክፉ መልስ አይመለስም። በኋላ የሆነውን ለመረዳት ይህን ማወቅ ያስፈልጋል።

ሙሽራው ዳንኤል ዩታ በረሃ ውስጥ ባለች በዚያች ትንሽ ከተማ ሞቴል ውስጥ ይሠራ ነበር። ወሩ ቱሪስት የሚበዛበት በመሆኑ አሠሪው «አንድ ቀንም አልለቅህም፤ ድግሱን ግን እዚሁ ግቢዬ ውስጥ አድርገው» አለው። ቀን እንዳንቀይር ደግሞ የሐዋርያት ጾም ገና መፈታቱ ነው፤ ፍልሰታ በበኩሏ ደጅ ላይ ቆማለች። በሁለቱ መካከል የቀረችው ጠባብ ጊዜ ሐምሌ ናት። በረሃው መብረቅና ጎርፍ የሚያወርድበት ወቅትም ያው ሐምሌ ነው፤ ይህን ግን ከመካከላችን ማንም አያውቅም። የቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት በኋላ ዴንቨር ሊፈጸም፣ ለዚያ ቀን ግን የከተማዋ ዳኛ ከቀኑ በአሥር ሰዓት ሊያጋቧቸው ቀጠሮ ተያዘ። ዳኛዋ በማግስቱ ለረጅም ዕረፍት ስለሚወጡ ቀጠሮው ንቅንቅ አይልም።

ብዙው ሠርገኛ በዋዜማው ሄደ። እኛ ዘጠኝ ሰዎች ሙሽራዋን ይዘን በኪራይ ቫን ገና ሳይነጋ ተነሣን። ሹፌሩ ጋሽ ኃይሉ ናቸው፤ እኔ ካርታ ይዤ ከጎናቸው ተቀምጫለሁ። ከኋላችን ንግሥት፣ ከእሷ አጠገብ የድግሱን ወጥ የሠሩት እትዬ ብርቄ፣ ከዚያ ሚዜዎቿ። ከመጨረሻው ወንበር ጀርባ ዶሮ ወጥ ኩለር በሚሉት ሦስት የማቀዝቀዣ ሣጥን፣ ድፎ ዳቦ በነጭ ጨርቅ፣ ጠጅ በፕላስቲክ ጋሎን ተደርድሯል። ቫኑ በታጠፈ ቁጥር ጋሎኖቹ ሲንገጫገጩ እትዬ ብርቄ «ኧረ ጠጄን! ቀስ በሉ ጋሼ!» ይላሉ።

እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ የተጓዝኩበት ጊዜ ጥቂት ነው። ተራራው ሆድ ውስጥ በተቦረቦረው ዋሻ አልፈን፣ ከወንዝ ጋር ጎን ለጎን በገደል መካከል ወርደን፣ ከተራራው ማዶ ኮክ የሚሸጡ ገበሬዎች ዘንድ ቆምን። ፀሐይ ያሞቀው ኮክ ነው፤ ስትገምጠው ጭማቂው እስከ ክርንህ ይወርዳል። ሚዜዎቹ ያጨበጭባሉ፣ ይዘፍናሉ፤ ጋሽ ኃይሉ እንኳ በጣታቸው መሪውን ይመታሉ። ከዚያ አገሩ እየቀላ፣ እየደረቀ፣ ዛፉ እየጠፋ ሄደ። መስኮት ስንከፍት የሚገባው አየር ከምድጃ አፍ የሚወጣ ይመስላል።

ዩታ ስንገባ ሬዲዮዬን ከቦርሳ አወጣሁ። የዴንቨሩ ድምፅ ጠፍቶ ሌላ ሰውዬ መጣ፤ ንባቡ ግን ያው ነው። ከሁሉም አንድ ቃል ግራ አጋባኝ።

«ንግሥት፣ ዎሽ ማለት ምንድን ነው?»

«ማጠብ ነዋ!»

«‹ከዎሽ ራቁ› ይላል እኮ ሰውዬው።»

«እንግዲህ ዛሬ ልብስ አትጠባ!» አለችኝ። ቫኑ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ።

ከዘጠኝ ሰዓት ጥቂት እንዳለፈ ከተማዋ ጥቂት ማይል ሲቀራት እትዬ ብርቄ ሙሽራዋ ቀሚሷን እንድትለብስ አቁሙ አሉ። ጋሽ ኃይሉ ከመንገዱ ዳር፣ አንዲት ትልቅ ዛፍ ጥላ ሥር አቆሙ። ከፊታችን መንገዱ ቁልቁል ይወርድና ሰፊ ደረቅ የአሸዋ ወንዝ አቋርጦ በማዶ ይወጣል። ድልድይ የለውም። ጠብታ ውኃ የለበትም፤ አሸዋው ከመድረቁ የተነሣ ተሰነጣጥቋል። ሴቶቹ ንግሥትን በነጠላ ከልለው ሲያለብሷት እኔ ዘወር ብዬ እግሬን ላፍታታ ሄድኩ። እዚያ ነው የብረት ሰሌዳውን ያየሁት። የወንዙ ስም ተጽፎበታል፤ የስሙ መጨረሻ ቃል ዎሽ ይላል።

ቆሜ ቀረሁ። ዎሽ ማጠብ አይደለም። ዎሽ ይኼ ከፊቴ ያለው ደረቅ ወንዝ ነው።

ሮጬ ሬዲዮውን አመጣሁና ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት። ሰውዬው አሁን ንባቡ ፈጥኗል። የአውራጃውን ስም ጠራ፤ የመንገዳችንን ቁጥር ጠራ፤ በላይኛው አገር ከባድ ዝናብ ጥሏል፣ ድንገተኛ ጎርፍ ወደ ታች እየወረደ ነው አለ። ቀና ብዬ አየሁ። በእኛ ላይ ሰማዩ ሰማያዊ ነው፤ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። በስተሰሜን ግን፣ ከቀዩ ገደል በላይ፣ እንደ ጥቁር ብርድ ልብስ የተንጠለጠለ ነገር አለ። በጣም ሩቅ ነው።

ንግሥት ለብሳ ጨርሳለች። ነጭ በነጭ ሆና በዚያ ቀይ አገር ላይ ታበራለች። ሁሉም ተሳፍሯል፤ ጋሽ ኃይሉ ሞተሩን አስነሥተዋል።

«ጋሼ፣ አንሻገር። ጎርፍ እየመጣ ነው።»

«ከየት?»

«ከላይ። ሬዲዮው ነው ያለው።»

በመስታወቱ አጎንብሰው ሰማዩን አዩ፤ ወንዙን አዩ፤ እኔን አዩ። «ልጄ፣ አቧራ እኮ ነው የሚጨሰው። ዳኛዋ በአሥር ሰዓት ካጡን ይሄዳሉ።»

«አንድ ሰዓት ብቻ እንጠብቅ።»

«አንድ ሰዓት ከጠበቅን ሠርግ የለም!» አሉና ማርሹን ሊያስገቡ እጃቸውን ሰደዱ።

ምን እንደነካኝ አላውቅም። እጄን በመሪው ሥር አሻግሬ ሞተሩን አጠፋሁ፤ ቁልፉን መዝዤ በሩን ከፍቼ ወረድኩ።

ጋሽ ኃይሉ ቀስ ብለው ወረዱ። አልጮሁም። የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሲቆጣ አይጮህም።

«ቁልፉን።»

«አልሰጥም ጋሼ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ባለጌ! በልጄ ሠርግ ቀን?»

እትዬ ብርቄ ከመስኮት ብቅ ብለው «ኧረ ምን ዓይነት ልጅ ነው! ወጡ በሙቀት ሊበላሽብኝ ነው፤» አሉ። ንግሥት ግን ቀሚሷን ሰብስባ ወረደችና ከማዶ ያለውን መንገድ እያየች ማልቀስ ጀመረች። ስድቡን እችለው ነበር። የእሷን ዕንባ ነው ያልቻልኩት።

አሥር ደቂቃ አለፈ። ሃያ አለፈ። አሸዋው እንደ ደረቀ ነው። አንዲት እንሽላሊት መሐሉ ላይ ወጥታ ፀሐይ ትሞቃለች። ሬዲዮውን ስከፍት ያነበበውን መልሶ ያነባል፤ ለራሴ «ምናልባት ሌላ ወንዝ ይሆናል» ማለት ጀመርኩ። ምናልባት ቃሉን አሳስቼ ሰምቼው ይሆናል። እንግሊዝኛ የማውቀው እኔ ነኝ? ጋሽ ኃይሉ ሰዓታቸውን አዩ። ለአሥር ሰዓት ሃያ ጉዳይ ነው። አሁን ቢነዱ ይደርሳሉ። ወደ እኔ መጥተው መዳፋቸውን ዘረጉ። በዚህ ጊዜ ድምፃቸው ቁጣ የለበትም፤ ልመና አለበት፤ «ታደሰ፣ ልጄ፣ በእናትህ።»

እጄን ዘረጋሁ። ቁልፉ መዳፋቸው ላይ ሊያርፍ ስንዝር ሲቀረው ንፋሱ ተቀየረ።

ቀዝቃዛ ነው፤ የእርጥብ አፈር ሽታ አለው። ከላይ በኩል የወፍ መንጋ በአንድ ላይ ተነሣ። ከዚያ ድምፅ መጣ፤ ረጅም የዕቃ ባቡር ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። ጋሽ ኃይሉም እጃቸውን እንደ ዘረጉ ጆሯቸውን አቀኑ። እዚያ አገር ሐዲድ የለም።

መጀመሪያ የመጣው ውኃ አይመስልም ነበር። ከወንዙ መታጠፊያ ቅርንጫፍ፣ ግንድ፣ አረፋና ቀይ ጭቃ አንድ ላይ ተጠቅልሎ እስከ ወገብ የሚደርስ ግንብ ሆኖ ብቅ አለ፤ እየተፈረካከሰ፣ እየጮኸ መጣ። ከኋላው ውኃው ተከተለ። ከፊታችን ያለውን አስፋልት በዓይናችን እያየን ዋጠው። ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ መሬቱ ከእግራችን በታች ይንቀጠቀጣል። ቫናችንን የምታህል የዛፍ ግንድ፣ ልክ እኛ ልንሻገርበት በነበረው ቦታ ላይ አንዴ ተገልብጣ አለፈች።

እትዬ ብርቄ ያማትባሉ። ንግሥት የአጎቷን ክንድ በሁለት እጇ ጨብጣለች። እኔ ቁልፉን እንደ ጨበጥኩ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ወዲያው ከማዶ የመኪና ጥሩምባ ሰማን። መዘግየታችን አስጨንቆት ዳንኤል ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ሠርገኛውን አስከትሎ ሊፈልገን መጥቶ ኖሯል። ጎርፉን ሲያይ ሮጦ ዳር ድረስ መጣና ራሱን ያዘ። ንግሥት እጇን ስታውለበልብለት ያ ሁሉ ሰው በማዶ ዘለለ። ብንጮህ አንሰማማም፤ ውኃው ያን ያህል ያገሳል። እትዬ ብርቄ ግን እልልታቸውን ለቀቁት። እልልታ ጎርፍ ይሻገራል! ከማዶም መልሱ መጣ፤ ወዲያና ወዲህ እየተቀባበልን አገሩን አቀለጥነው።

መንገዱን ሊዘጋ በማዶ ፖሊስ መጣ። ከእሱ ኋላ በአሮጌ ፒካፕ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት፣ የቆዳ ቡትስ የተጫሙ፣ ወረቀት በብብታቸው የያዙ ወረዱ። ዳኛዋ ናቸው። የበረሃ ልጅ ስለሆኑ ጎርፉ አላስገረማቸውም። ሰዓታቸውን አዩ፤ ከፖሊሱ መኪና የድምፅ ማጉያውን ተቀበሉ። ድምፃቸው በውኃው ላይ እየተንሳፈፈ መጣ።

«ምን አሉ?» ጋሽ ኃይሉ ነበሩ የጠየቁኝ።

«ቀጠሮ ቀጠሮ ነው፤ ሙሽራዋ ‹አዎ› ካለች ጥሩምባ ትንፋ ይላሉ።»

ቁልፉ አሁንም እጄ ላይ ነበር። ለጋሽ ኃይሉ ሰጠኋቸው፤ ቫኑን ከፍተው ንግሥትን በዚያ ሁሉ ነጭ ቀሚሷ ሹፌሩ ወንበር ላይ አስቀመጧት። ዳኛዋ አንቀጽ አንቀጹን ሲያነቡ እኔ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። «በደስታም በችግርም» ሲሉ ከሁለቱም ዳር ሳቅ ፈነዳ። «ትቀበይዋለሽ?» ሲሉ ንግሥት ጥሩምባው ላይ በሁለት እጇ ተደገፈች። አንዴ መንፋት ይበቃ ነበር፤ እሷ አላቆምም አለች። ዳንኤል በማዶ ኮቱን አውልቆ ወደ ሰማይ ወረወረው፤ ውኃ ውስጥ ወድቆ ሄደ።

ድግሱ በእኛ በኩል፣ ሠርገኞቹ በማዶ ቀሩ። ምን ይደረግ? ኩለሩን ከፍተን ዛፏ ሥር ዶሮ ወጥ በላን፤ ማዶ ያሉት በእጃቸው ሆዳቸውን እያሳዩ ያለቅሱብናል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጎርፉ እንደ አመጣጡ ተመልሶ ጎደለ፤ ማሽን መጥቶ ጭቃውንና ግንዱን ከመንገዱ ጠራረገ። ዳኛዋ ሙሽሮቹን ለማስፈረም ቆመው ጠበቁን።

ልንሻገር ስንል ጋሽ ኃይሉ ሹፌሩ ወንበር ጋ አልሄዱም። ወደ እኔ መጥተው ቁልፉን ሰጡኝና «አንተ ንዳ» አሉ። ከጎኔ ተቀመጡ። ጭቃውን ቀስ ብዬ ሳቋርጥ እኔ ብቻ በምሰማው ድምፅ እንዲህ አሉ፤ «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ልጆችን ‹ዝም በል› ስል ኖሬአለሁ። ከእነሱ ውስጥ ስንቱ ልክ ነበር ይሆን?»

መንዳቴን ቀጠልኩ።

ሊያ እስከዚህ ድረስ አፏን ከፍታ ስትሰማኝ ቆየች። ከዚያ ነርስ ናትና፣ ማንም ጠይቆኝ የማያውቀውን ጠየቀችኝ።

«አባዬ፣ ጎርፉ ባይመጣስ? ላይክ፣ ወደ ሌላ ቦታ ቢሄድስ?»

ጎርፉ ባይመጣ ሠርግ ያበላሸ፣ ሽማግሌ የደፈረ ባለጌ ተብዬ እቀር ነበር። ጋሽ ኃይሉ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከዚያ በኋላ በኖሩበት ዘመን ሁሉ «የሰማይ መሐንዲሴ» እያሉ ባልጠሩኝ ነበር። ግን ያን ጊዜም ቢሆን ልክ ነበርኩ። ሰው ልክ የሚሆነው ውኃው ሲደርስ አይደለም፤ የሚያውቀውን አውቆ በቆመባት ሰዓት ነው። ይህን ነገርኳት። «ሂዱ፤ ከቀትር በፊት ዙሩ፣ ከቀትር በኋላ ከፍ ያለ ቦታ ሁኑ፤» አልኳት። «ማንም ቢስቅብሽ እንኳ።» እሷም «ፕሮሚስ» ብላ ግንባሬን ስማኝ ወጣች።

ያልነገርኳት አንድ ነገር አለ። ያ ጎርፍ በሕልሜ መጥቶብኝ አያውቅም። አንዳንድ ጊዜ፣ በቀትር፣ መኪና እየነዳሁ ሳለሁ ድንገት የሚመጣብኝ ያ የተዘረጋው እጄ ነው፤ ልክ እንደሆንኩ እያወቅሁ፣ ሰው እንዳያዝንብኝ ብዬ፣ ስንዝር ብቻ የቀረው እጄ።